ካርድ ከመስጠታችን በፊት

(ማኅበራችን በማሪዬታ ባዘጋጀው የሥራና የንግድ ትውውቅ ምሽት ላይ በአዘጋጅ ኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር። የ10ኛ ዓመት በዓላችንን ምክንያት በማድረግ ከጥቂት እርማት ጋር ታትሟል።)



 ከሥራ ወጥታችሁ፣ የሰባ አምስትን የመኪና ሰልፍ ችላችሁ፣ ልጆቻችሁን አደራ ሰጥታችሁ እንደመጣችሁ ስለምናውቅ ምስጋናችን የልብ ነው። የጥሪ ወረቀታችን «ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል» ይላል። አሁን 1 ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ስለዚህ ጉዳይ ኋላ እንመለስበታለን፤ ለጊዜው ግን ማንንም አንወቅስም፤ ከአዘጋጅ ኮሚቴው አባላት መካከልም ሁለታችን የደረስነው ለ1 ሰዓት 5 ደቂቃ ሲቀረው ነውና።

ዛሬ የምንነጋገረው ቀላል ስለሚመስል ጉዳይ ነው። ለሥራና ለንግድ ተብሎ በሚደረግ የትውውቅ ስብሰባ ላይ ሰው እንዴት ሊሆን ይገባዋል? እንዴት ሰላምታ ይሰጣል? ስለ ራሱ ምን ይናገራል? ካርዱን መቼ ያወጣል? በማግሥቱስ ምን ያደርጋል? «ይህንን ለመስማት ስብሰባ መጠራት አለበት ወይ? የጨዋ ልጆች አይደለንም ወይ?» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። እኛም በኮሚቴው ውስጥ መጀመሪያ እንደዚያው ስንል ነበር። ሐሳባችንን ያስለወጠን አንድ ለቅሶ ነው።

ስም አንጠራም፣ ቤቱንም አናመለክትም። ከአባሎቻችን በአንዱ ቤት ሐዘን ደርሶ ለማስተዛዘን ተሰብስበን ነበር። ንፍሮ ቀርቧል፣ ሻይ ይዞራል፣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጫወታል። በዚህ መሀል አንድ ወንድማችን ከወንበር ወንበር እየተዘዋወረ በየሰዉ እጅ አንድ ነገር ሲያኖር አየን። እኛ ዘንድ ሲደርስ ለካስ የቢዝነስ ካርዱ ኖሯል። የሕይወት ኢንሹራንስ ይሸጣል። «እንዲህ ያለው ነገር በድንገት ነው የሚመጣው፤ ቀደም ብሎ ማሰብ ይበጃል» አለን በዝግታ። ባሏን ያጣችው እህታችን ከእኛ ሦስት ወንበር እልፍ ብላ ተቀምጣ ነበር። ቀና ብላ አየች፤ መልሳም አቀረቀረች።

እኛስ ምን አደረግን? ካርዱን በሁለት እጃችን ተቀብለን፣ «እግዜር ይስጥልን» ብለን ኪሳችን ከተትነው። ይሉኝታ ያዘን። በር ላይ ስንደርስ ግን ያላልነው አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእኛ መካከል ከዚያ ሰው ኢንሹራንስ የገዛ ያለ አይመስለንም። እሱም ለምን እንደሆነ አላወቀም፤ ማንም ፊት ለፊት አልነገረውምና።

ነገሩ ኋላ በኮሚቴ ስብሰባ ላይ ተነሳና ሁላችንም በየተራ ወቀስነው። አንዲት እናታችን እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «ልጁስ የት ይስጠው? ካርዱን የሚሰጥበት ቦታ አበጅታችሁለታል?» አሉን። መልስ አልነበረንም። በነዚህ ዓመታት ማኅበራችን ለለቅሶ ሰብስቦናል፤ ለአዲስ ዓመት ሰብስቦናል፤ ለእግር ኳስና ለልጆች የአማርኛ ትምህርት ሰብስቦናል። «አንተ ምን ትሠራለህ? አንቺስ ምን ትሠሪያለሽ? በምን እንረዳዳ?» ለመባባል ግን አንድ ቀን እንኳ ሰብስቦን አያውቅም። የዛሬው ምሽት የዚያች ጥያቄ ልጅ ነው።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንየው። እኛ ሐበሾች ስለ ራሳችን ሥራ መናገር ልመና ይመስለናል። «እወቁኝ፣ ሥራ ስጡኝ፣ ከእኔ ግዙ» ማለት ያሳፍረናል። በዚህ የተነሳ ወይ ጨርሶ አንናገርም፤ ወይ ደግሞ ሲጨንቀን በማይሆን ቦታ እንናገራለን። ክርስትና ላይ፣ ሠርግ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ደጃፍ፣ አንዳንዴም እንዳየነው ለቅሶ ቤት። ሁለቱም አይጠቅሙም። አንዱ ሙያችንን ይደብቃል፤ ሁለተኛው ሐዘናችንንና ደስታችንን ገበያ ያደርግብናል።

ይህ ጉዳይ በተለይ ለእኛ ለማሪዬታ ነዋሪዎች ያስፈልጋል የምንልበት ምክንያት አለን። በአትላንታ ዙሪያ አብዛኛው የሐበሻ ሬስቶራንትና የእንጀራ መሸጫ ያለው በዲካልብ ካውንቲ በኩል፣ በክላርክስተንና በአካባቢው ነው። እዚያ ሱቅ የከፈተ ሰው ደንበኛው ራሱ «እንደምን አደራችሁ» እያለ ይገባለታል። እኛ ያለነው ግን በኮብ ካውንቲ ነው። እዚህ የጽዳት ድርጅት ያቋቋመ፣ መኪና የሚጠግን፣ አረጋውያንን የሚንከባከብ፣ ሒሳብ የሚሠራ ወይም ምግብ የሚያዘጋጅ ሰው በሐበሻ ደንበኛ ብቻ ቤት ኪራይ አይከፍልም። ደንበኛው ጎረቤቱ ነው፤ ጎረቤቱም አሜሪካዊው፣ ሜክሲኮው፣ ብራዚሉ ነው።

ከመካከላችን «ከትልቁ ዶሮ ታጠፍ» ብሎ ቤቱን ያላመላከተ የለም። ያ ዶሮ ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኮብ ፓርክዌይ ላይ ቆሞ፣ 56 ጫማ ቁመቱን ዘርግቶ፣ ዓይኑን እያንከባለለና ምንቃሩን እየከፈተ «እዚህ ነን፤ ግቡና ብሉ» ይላል። እኛ ዶሮው አይደለንም። ከሩቅ አንታይም። ቀርበን ሰላም ካላልን፣ ሙያችንን በአግባቡ ካልተናገርን፣ በዚህ ከተማ 20 ዓመት ኖረንም የሚያውቀን የለም።

ቀርቦ መናገር ግን ደንብ አለው። ደንቡንም ከባዕድ የምንማረው አይደለም። አያቶቻችን ባንክ ሳይረግጡ መርካቶ ላይ ሱቅ የከፈቱት በእቁብ ነው። የእቁብ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን እንዲሁ አፍሶ አይሄድም፤ «ዋስ ጥራ» ይባላል። ዋሱም «ይህ ሰው ቢጠፋ እኔ አለሁ» ብሎ ይፈርማል። እንግዲህ እዚህ አገር ሪፈራል የሚሉት፣ አንድን ሰው ለሌላው «ይህንን ሰው አነጋግረው፣ ሥራው ጥሩ ነው» ብሎ ማስተላለፍ፣ የእኛው ዋስትና ነው። ስለዚህ ወደ ትውውቅ ስብሰባ የምንሄደው ዕቃ ለመሸጥ ብቻ አይደለም። ነገ ዋስ ሊሆነን የሚችል፣ እኛም ዋስ ልንሆነው የምንችል ሰው ለማግኘት ነው። ዋስ ደግሞ በ5 ደቂቃ አይገኝም። የሚቀጥለው ምክራችን ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

የዚህ አገር ሰዎችም ቢሆኑ ከዚህ የራቀ ነገር አላገኙም። ፖል ሃሪስ የተባለ ጠበቃ በ1905 እ.ኤ.አ. ከሦስት ሰዎች ጋር ሆኖ በቺካጎ የመሠረተው ሮታሪ ክለብ ስሙን ያገኘው ስብሰባው በየተራ በአባላቱ መሥሪያ ቤት ይዞር ስለነበረ ነው። ልክ የእኛ ማኅበር ጽዋ ከቤት ቤት እንደሚዞረው መሆኑ ነው። መጀመሪያ ላይ አንዱ ሐሳባቸው እርስ በርስ መገበያየት ነበር። ብዙም ሳይቆዩ ግን ለከተማው ሕዝብ የሚጠቅም ሥራ ያዙ፤ በ1907 እ.ኤ.አ. በቺካጎ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት እንዲሠራ ተነሱ። ሰው ያመናቸው ካርድ ስላበዙ ሳይሆን አብረው ሲሠሩ ስላያቸው ነው። በአገራችንም የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ነጋዴ ተሰብስቦ መተዋወቁ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም ማለት ነው።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንግባ።

አንደኛው ሰዓት ነው። ቀደም ሲል ኮሚቴያችን በዚህ አካባቢ በተደረገ አንድ የነጋዴዎች ቁርስ ላይ ለስምንት ሰው የሚሆን ጠረጴዛ ገዝቶ ነበር። ጥሪው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ነበር። እኛ 2 ሰዓት ላይ ደረስን፤ ቁርሱ አላለቀም፣ ንግግሩም አልተጀመረም፤ «ደርሰናል» ብለን ደስ አለን። በኋላ እንደተረዳነው ግን ዋናው ነገር ያመለጠን ከመድረሳችን በፊት ነው። ሰው የሚተዋወቀው ከመቀመጡ በፊት፣ ቡናውን ይዞ በቆመበት በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ነው። ከተቀመጠ በኋላ የሚያወራው ከጎኑ ካለው ጋር ብቻ ነው። በእኛ አገር ድግስ የዘገየ ሰው «ና፣ ቦታ አለ» ይባላል፤ እዚህ ግን የዘገየ ሰው ወንበሩ ቢቆየውም ሰዉ አይቆየውም። ዛሬ ማታ በ12 ሰዓት ተኩል የደረሱት እንግዶቻችን ለ25 ደቂቃ ያዩት ባዶ ወንበርና የኮሚቴውን ድንጋጤ ነው። ይቅርታ እንጠይቃቸዋለን።

ሁለተኛው አለመከማቸት ነው። በዚያ ቁርስ ላይ ስምንታችንም አንድ ጠረጴዛ ከበብን። በአማርኛ ተጫወትን፣ ሳቅን፣ በላን፣ ወጣን። ሆዳችን ሞልቶ ነበር፤ ከእርስ በርሳችን በቀር ግን ማንንም አላወቅንም። እርስ በርሳችን ለመገናኘት ደግሞ ገንዘብ መክፈል አያስፈልገንም ነበር። ስለዚህ ሁለት ሁለት ሆነን እንበተን። አንዱ ዓይን አፋር ቢሆን ሌላው ያግዘዋል፤ «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ነውና። ሌላ ሰው ወደ ጨዋታችን ከገባ ደግሞ ወዲያው ወደሚገባው ቋንቋ እንለውጥ። በሰው ፊት በማይሰማው ቋንቋ መንሾካሾክ በአገራችንም ነውር ነበር፤ እዚህም ነውር ነው።

ሦስተኛው ሰላምታና ስም ነው። እኛ ስናከብር ጎንበስ እንላለን፣ ዓይናችንን ሰበር እናደርጋለን፣ ቀኝ እጃችንን በግራ እጃችን ደገፍ አድርገን እንዘረጋለን። ይህ ወርቅ የሆነ ባህላችን ነው፤ ለአባቶቻችን ይቆየን። ለዚህ አገር ሰው ግን ዓይኑን የሰበረ ሰው የሚደብቀው ነገር ያለው ይመስለዋል። ስለዚህ ቀጥ ብለን፣ ዓይን ለዓይን ተያይተን፣ እጁን ጠበቅ አድርገን እንጨብጥ። ትከሻ ለትከሻ መገጫጨቱ ለወዳጅ ይቆይ። በእምነታቸው ምክንያት ተቃራኒ ጾታን የማይጨብጡ እህቶችና ወንድሞች ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በፈገግታ ቢያጎነብሱ ማንም ቅር አይለውም። መጠጥ ከያዝን በግራ እጃችን እንያዝ፤ ቀኙ ደረቅና ዝግጁ ይሁን። እጃችን ምግብ ሲነካ አንጓችንን መዘርጋት ለእኛ ጨዋነት ነው፤ ለማያውቀው ግን ግራ ነው፤ ለዚህ መድኃኒቱ ናፕኪን ነው።

ስማችንን በዝግታና በግልጽ እንናገር። ሰው ይቸግረዋል ብለን ራሳችን አንቁረጠው። አበበ ከበደ የሚባል ሰው እዚህ አገር «ሚስተር ከበደ» ይባላል፤ አባቱን የጠሩበት ይመስለዋል። «የእኔ ስም አበበ ነው፤ ከበደ የአባቴ ስም ነው፤ እኛ አገር የምንጠራው በራሳችን ስም ነው» ብሎ በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ይቻላል። ይህም ራሱ ጥሩ የጨዋታ መነሻ ነው። እነሱም በበኩላቸው ገና ከመተዋወቃችን በመጀመሪያ ስማቸው እንድንጠራቸው ሲጠይቁን ንቀት አይደለም፤ «አንቱ» የሚባል ነገር በቋንቋቸው ስለሌለ ነው። ባጅ ከተሰጠን በቀኝ ደረታችን ላይ እናድርገው፤ የሚጨብጠን ሰው ዓይኑ እጁን ተከትሎ ወደዚያ ይመጣልና።

አራተኛው ንግግር ነው። «ምን ትሠራለህ?» ሲሉን «ያው፣ ትንሽ ትንሽ እንሞክራለን» አንበል። ይህ ለእኛ ትሕትና ነው፤ ለሚሰማን ግን ሥራ ፈት ነን እንደማለት ነው። «የሐኪም ቤቶችንና የቢሮዎችን ጽዳት እንሠራለን፤ በማታ ገብተን ከንጋት በፊት እንጨርሳለን» የምትል አንዲት ንጹሕ ዓረፍተ ነገር ቤታችን ሆነን እናዘጋጅ። ከዚያ በኋላ ግን ዝም ብለን እንጠይቅ፤ የእሱ ሥራ እንዴት እንደጀመረ፣ ምን እንደሚያስቸግረው፣ ምን ዓይነት ደንበኛ እንደሚፈልግ። ሰው የሚያስታውሰው ብዙ የነገረውን ሳይሆን በደንብ ያዳመጠውን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳንሸሸግ እንነጋገር። «ከኢትዮጵያ ነኝ» ስንል አንዳንድ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ወዲያው ረሀቡን ያነሳሉ። ደማችን ይፈላል። አንዳንዶቻችን ፊታችንን አጥቁረን ዘወር እንላለን፤ አንዳንዶቻችን የሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ እንተርክላቸዋለን። ሁለቱም ጨዋታውን ይገድላሉ። ሰውዬው ያየውን ነው የተናገረው። እዚህ ማሪዬታ ላይ ደግሞ ለዚህ ጥሩ መልስ አለን። በ1984 እና በ1985 እ.ኤ.አ. በረሀብ ለተጎዳው ወገናችን እህል ካደረሱት አውሮፕላኖች መካከል ሲ-130 የተባለው ይገኝበታል። እሱም የሚሠራው ከዚሁ ከከተማችን፣ ከሎክሂድ ፋብሪካ ነው። ከፊታችን የቆሙት ሽማግሌ ጡረታ የወጡት ከዚያ ፋብሪካ ሊሆን ይችላል። «እግዚአብሔር ይስጥልን፤ እጅዎ አለበት ይሆናል» እንበላቸው። ከዚያም በ1996ቱ የአትላንታ ኦሊምፒክ ፋጡማ ሮባ የሴቶችን ማራቶን፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ደግሞ 10 ሺህ ሜትሩን በዚሁ በከተማቸው እንዳሸነፉ፣ የሚጠጡት ቡናም የትውልድ አገሩ የእኛ መሆኑን እናጫውታቸው። ያዘነልን ሰው በ3 ደቂቃ ውስጥ ያከበረን ሰው ይሆናል።

አምስተኛው ካርድ ነው። ካርድ የትውውቅ መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አይደለም። ሳይጠየቅ ለሁሉ የሚበተን ካርድ በመንገድ ላይ እንደሚታደል ወረቀት ነው፤ ቅርጫት ውስጥ ያድራል። መጀመሪያ የእሱን እንጠይቅ፤ ስንቀበልም እናንብበው፤ ስለ አንዱ ነገር እንጠይቅ፤ ከዚያ የራሳችንን እንስጥ። በሰው ካርድ ላይ በፊቱ አንጻፍበት፤ ዘወር ብለን ግን የት እንደተገናኘንና ምን እንደተነጋገርን ማስታወሻ እንያዝ። የዛሬ ወጣቶች ስልክ ለስልክ አስነክተው፣ በሊንክድኢን ተገናኝተው ይለያያሉ፤ መልካም ነው፤ ደንቡ ግን ያው ነው። ምግቡንም በተመለከተ የቀረበው እንዳይርበን እንጂ እንድንጠግብ አይደለም፤ የራበው ሰው ከቤቱ ቀምሶ ይምጣ። መጠጥም አንድ ይበቃል። የመጡበትን ጉዳይ የሚያስረሳ ሁለተኛው ነው።

ስድስተኛው ውለታ ነው። ገና ከመተዋወቃችን «ወንድሜን ሥራ አስገባልኝ» ማለት፣ ዕጣው ሳይወጣ እቁብ እንደመጠየቅ ነው። መጀመሪያ እኛ የምንሰጠው ነገር ምን እንደሆነ እንፈልግ። ጥሩ መካኒክ ማወቅ ስጦታ ነው፤ ታማኝ አካውንታንት ማገናኘት ስጦታ ነው፤ ከሰው ሱቅ ገብቶ በሙሉ ዋጋ መግዛትም ስጦታ ነው። እዚህ ላይ ለራሳችን አንድ ነገር እንንገር። ከወገናችን ስንገዛ «በሐበሻ ዋጋ አድርግልኝ» የምንለው ልማድ የወገናችንን ኪራይ የሚያዳክም ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ዋስ ስንሆን እንጠንቀቅ። ሥራውን የማናውቀውን ሰው በይሉኝታ ብቻ «ጎበዝ ነው» ብለን ካስተላለፍን፣ የሚበላሸው የእሱ ስም ብቻ አይደለም፤ የእኛም ነው። «ሰውዬውን አውቀዋለሁ፤ ሥራውን ግን አላየሁም» ማለት እውነትም ነው፣ ጨዋነትም ነው።

ሰባተኛውና የመጨረሻው ማግሥት ነው። ከሁሉ የሚበልጠውም እሱ ነው። በዚያ ስምንታችን በሄድንበት ቁርስ ላይ፣ ስንወጣ በር ላይ፣ ከኮሚቴያችን አንዱ ከአንዲት የአበባ መሸጫ ባለቤት ጋር ለጥቂት ደቂቃ ተነጋግሮ ነበር። ሴትዮዋ ሒሳብ የሚሠራላቸው ሰው ይፈልጉ ነበርና «ከእኛ ሰዎች መካከል በጣም ጥሩ አካውንታንት አለ፤ ነገ ስልኩን እልክልዎታለሁ» አላቸው። አልላከም። ክፋት አልነበረውም፤ ሥራ በዛበት፣ ቀኑ አለፈ፣ ኋላ ደግሞ መላኩ አሳፈረው። ከአራት ወር በኋላ ከአባሎቻችን አንዷ የጽዳት ሥራ ፍለጋ ሳታውቅ እዚያው ሱቅ ገባች። ሴትዮዋ ከየት እንደመጣች ጠየቋት። ስትነግራቸው ፈገግ ብለው «አንድ የአገርሽን ሰው አውቃለሁ፤ ስልክ ሊልክልኝ ነበር፤ እስካሁን እየጠበቅሁ ነው» አሏት።

ሥራውን አላገኘችም። በዚያ ምክንያት ነው ብለን አንምልም፤ ላይሆንም ይችላል። ነገር ግን እህታችን ያን ዕለት ወደ ሱቁ የገባችው የሌላ ሰው ዕዳ ተሸክማ ነበር። አካውንታንቱም አንድ ደንበኛ አጥቷል፤ እስከ ዛሬም አያውቅም። ያ ስልክ ያልላከው ሰው ዛሬ እዚህ ቆመው ከሚናገሩት ከእኛ አንዱ ነው። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» እያልን ያደግን ሰዎች፣ ለአንድ ስልክ ቁጥር ቃላችንን አጠፋን። በአገራችን ሰው የአባቱን ስም ይዞ ይገባል፤ እዚህ ግን ሁላችንም የምንገባው በአንድ ስም ነው። አንዳችን ያበላሸነውን ሌላችን እንከፍለዋለን፤ አንዳችን ያሳመርነውም ለሌላችን ይተርፋል።

ስለዚህ ደንባችን ይህ ይሁን። በ2 ቀን ውስጥ፣ ያገኘነውን ሰው በአጭሩ እናመስግን፤ ሦስት መስመር ኢሜይል ወይም ቴክስት ይበቃል። እንልካለን ያልነውን እንላክ። መላክ የማንችለውን ቃል መጀመሪያውኑ አንግባ። «አልቻልኩም» የሚለውንም ቢሆን በጊዜ እንናገር። ከዚህ አዳራሽ ውጭ ለመቀጠል ለምትፈልጉም በሮች አሉ፤ የኮብ የንግድ ምክር ቤት አለ፤ በኬኔሶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለአነስተኛ ነጋዴዎች ምክር የሚሰጥ ማዕከል አለ፤ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በንግድ ዓለም ያረጁ ሰዎች ያለ ክፍያ ምክራቸውን የሚለግሱበት ስኮር የተባለ ድርጅትም አለ። እነዚህን በሮች ስናንኳኳ ግን ከዚህ የተነጋገርነውን ይዘን እንሂድ።

ወዳጆቻችን ሆይ፤ ወደ ጀመርንበት ለቅሶ ቤት ተመልሰን እንጨርስ። ይህንን ምሽት ማዘጋጀት ስንጀምር ኮሚቴው ሁለት ሰው መርጦ ወደዚያ ካርድ ወዳደለው ወንድማችን ላከ። የላክናቸውም ለወቀሳ ብቻ አልነበረም፤ ፊቱ ዝም ብለን ከኋላው ስላማነው ይቅርታ እንዲጠይቁልን ጭምር ነው። ሰውዬው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም፣ «ያን ጊዜ ሥራውን ከጀመርኩ ሁለት ወሬ ነበር፤ አንድም ሰው አልገዛኝም፤ የምሄድበት ቦታ ጠፋኝ። ያን ዕለት አንዳችሁ ክንዴን ይዛችሁ ወደ ውጭ ብታወጡኝ ኖሮ» አለ። ታሪኩን እንድንናገረው የፈቀደልን እሱ ራሱ ነው። ወደ እህታችንም ዘንድ ሄዷል። እዚያ የተባባሉት የሁለቱ ነው።

ክንዱን ይዘን ልናወጣው ይገባን ነበር። እሱ ካርዱን በማይገባ ቦታ ሰጠ፤ እኛ እውነቱን በሚገባው ቦታ ነሳነው። የትኛው እንደሚከፋ እናንተ ፍረዱ። ከእንግዲህ ግን ማኅበራችን የወሰነውን ሁላችሁም እንድታውቁልን እንፈልጋለን። ለቅሶ ለለቅሶ ብቻ ይሁን። ሠርግና ክርስትና ለደስታ ብቻ ይሁኑ። ለሥራና ለንግድ ይህ ምሽት በየሦስት ወሩ ይደረጋል። ያጠፋ ቢኖር የሚያየው ሰው በፍቅር ለብቻው ይንገረው፤ ኪሱ ከቶ በር ላይ አይማው።

አሁን ወንበሮቹን ገፋ አድርገን እንቁም። ከዛሬ በፊት አነጋግራችሁ የማታውቁትን ሁለት ሰው ፈልጉ። ስማችሁን ንገሯቸው፤ ሥራቸውን ጠይቋቸው። ከመለያየታችሁ በፊት አንዲት ትንሽ ቃል ግቡላቸው፤ እስከ ከነገ ወዲያ ልትፈጽሟት የምትችሏትን ብቻ። ካርዳችሁን ከዚያ በኋላ ስጡ።

ቡናው ቀርቧል። የሚቀጥለው ስብሰባችን 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ኮሚቴው በ12 ሰዓት በሩን ከፍቶ ይጠብቃችኋል። ይህም ቃላችን ነው።